ከምሳ በኋላ የሚጠጣ ውሃ

ባሌ ከሌላ ሴት እጅ ውሃ ሲጠጣ ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። ሰፊው መንገድ ላይ ባለው የእግረኛ ድልድይ መሃል ቆሜ የግራር ሰፈርን መናፈሻ ቁልቁል እያየሁ ነበር። ባሮክ ዊልቸሩን ከአንድ አግዳሚ ወንበር አጠገብ አስጠግቶ ተቀምጧል። አግዳሚው ላይ ሶሊያና የምትባለው ሴትዮ አለች። ከፔርሙዝ ውሃ ቀዳችለት፤ ተቀብሎ ጭልጥ አደረገው። ከዚያ ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋላት። ደገመችለት። እሱንም ጠጣው።

ውሃ ነው፣ ምን አለበት የሚል ሰው ካለ ዋንዛ ሰፈር ኖሮ አያውቅም። በእኛ ሰፈር ከምሳ በኋላ ውሃ የሚጠጣ ሰው የለም። የአየር ሰዓታችን የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ነው፤ መናፈሻችን ደግሞ ሽንት ቤት የለውም። ስለዚህ አንጠጣም፤ አለመጠጣታችንንም አናወራም። ባሮክ እንኳን ከሰው እጅ፣ ከእኔ ከሚስቱ እጅ እንኳ ከምሳ በኋላ ብርጭቆ ተቀብሎ አያውቅም። "በኋላ" ይለኛል። በኋላ ማለት ሲመሽ ማለት ነው። ከእሷ እጅ ሲሆን ግን ደጋግሞ ጠጣ።

ቀናሁ። ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም። ከንፈሬ ደርቆ፣ አምባሬ አረንጓዴ እስኪሆን ድልድዩ ላይ ቆየሁ። ድልድይ ላይ መቆምም እንደ አየር ይቆጠራል።

የአየር ሰዓት ግዴታ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው በየቀኑ መናፈሻ ወጥቶ አየር መውሰድ አለበት። እጃችን ላይ ያለው አምባር ሰዓቱ ሲሞላ ይለመልማል። አምባሩ ቀይ ሆኖ የሰነበተ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ተራው ወደ ኋላ ተገፍቶ ይጠብቀዋል። አግዳሚ ወንበሮቹም ሰዓቱን ያውቃሉ፤ ሲሞላ ከሥር ቀስ ብለው ገፋ ያደርጋሉ፤ ተነሱ፣ ተረኛ አለ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንደነግጥ ነበር። አሁን ሲገፉን ወሬያችንን ሳናቋርጥ እንነሳለን።

ባሮክ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ በዊልቸር ይሄዳል፤ ሽንቱም አይታገሰውም። ከአደጋው በኋላ ለብዙ ጊዜ ከቤት አልወጣም፤ አምባሩ እንደቀላ ከረመ። መስኮት ሥር ተቀምጦ መንገዱን ያያል፤ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ይተቻል። ኋላ ግራር ሰፈር ዊልቸር የሚያስገባ ሽንት ቤት መሠራቱን ሰማ። አንድ ቀን ቆቡን ደፍቶ የቤታችን በር ላይ ደረሰና ዞር አለ።

"ልውሰድሽ?" አለኝ።

"ኧረ ይቅርብኝ፣ አንተ ሂድ" አልኩት።

ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይሄዳል። ይቅርብኝ ያልኩት እኮ እስኪለምነኝ ነበር። ይህን የማያውቅ ባል አግብቻለሁ ብዬ አላሰብኩም።

አሁን እዚህ ላይ ስለ ጠያቂው መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው።

የከተማው ምክር ቤት እቅድ የሚያወጣለት ነገር ረጅም ስም አለው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁላችንም ጠያቂው ነው የምንለው። የመናፈሻውን፣ የመጫወቻ ሜዳውን፣ የሕዝብ መጸዳጃውን፣ የጥላውን ነገር የሚወስነው እሱ ነው። በዓመት አንዴ በየቀበሌው አዳራሽ ይመጣል፤ ይመጣል ስል ድምፁ ይመጣል ማለቴ ነው። ድምፁ ጨዋ ነው፤ ሕፃኑን ሁሉ አንቱ ይላል። "ምን ጎደለዎት?" ብሎ ይጠይቃል። የተመለሰለትን ይይዛል፤ ያልፋል። ጣጣው ይሄ ነው፤ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እኛ ደግሞ አንዴ ተጠይቀን የምንመልስ ሰዎች አይደለንም። ሰው ቤት ሄዶ ብሉ ሲባል ወዲያው እጁን የሚዘረጋ ሰው ያሳደገው የለም ነው የሚባለው። በልቻለሁ ይላል። ባለቤቷ ትለምነዋለች። ኧረ እውነቴን ነው፣ ጠግቤአለሁ ይላል። "በሞቴ!" ትለዋለች። ያኔ ይበላል፤ ደግሞም በደንብ ይበላል፤ ርቦት ነው የመጣው። በሞቴ እስኪባል መጠበቅ ከእናታችን ጉያ የተማርነው ነው። ከምክር ቤት ሰው በእግሩ ይመጣ በነበረበት ዘመን መጥቶ ተቀምጦ "እስቲ በሞቴ አትደብቁኝ" ይል ነበር አሉ። ጠያቂው የሚሞት ነገር አይደለም፤ በሞቴ ማለትን ማን ያስተምረው።

መጀመሪያ በመጣበት ዓመት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ናሆም ተነሳ፤ ኮቱን ቆለፈ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለንም" አለ። ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን አልን። እስኪለምነን ጠበቅን። "እናመሰግናለን" አለና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ መናፈሻችን መሃል ላይ "የረካ ሰፈር" የሚል ጽሑፍ ያለበት ትልቅ የድንጋይ ሐውልት ቆመልን። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ሆነ፤ ሁለተኛ ሐውልት ቆመ። አሁን ዛፍ የለንም፣ ጥላ የለንም፣ ሽንት ቤት የለንም፤ የረካን መሆናችንን የሚናገሩ ድንጋዮች ግን እንደ ልብ አሉን። አየር የምንወስደው በመካከላቸው እየተሽሎከለክን ነው።

ግራር ሰፈር የሚኖሩት ከየቦታው ተነስተው የመጡ ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ አያውቁም እንላቸዋለን። ምን ጎደለዎት ሲባሉ ሌላ ሰው ሳይጨርስ ይናገራሉ፤ እንዲያውም ይጯጯሃሉ አሉ። በዚህ ጠባያቸው ፀሐይ ስትዞር አብሮ የሚዞር ጥላ አገኙ። የልጆች ውሃ መራጫ አገኙ። መሃል ላይ ደግሞ ያ ሽንት ቤት አለ፤ ክብ፣ ነጭ፣ በሩ ሰፊ፣ መወጣጫው ለስላሳ፣ ውስጡ ዊልቸር እንደ ልቡ የሚዞርበት፣ መደገፊያ ብረት ያለው፣ መታጠቢያው ዝቅ ያለ። ባሮክ ሲነግረኝ ስለ ቤተ መንግሥት የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

አንድ ነገር ብቻ አለው። በሩ ሰው ሲቀርብ ይናገራል። "እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ባሮክ" ይላል ጮክ ብሎ፤ መናፈሻው በሙሉ ይሰማል። ሲወጡም ደህና ይሁኑ ይላል። የግራር ሰዎች ይስቃሉ፤ እንዲያውም ስማቸው ሲጠራ እጃቸውን የሚያወዛውዙ አሉ። እኔ ስሜ እንዲያ በአደባባይ ሽንት ቤት በር ላይ ከሚጠራ ኩላሊቴ ቢፈነዳ እመርጣለሁ ብዬ ነበር። ይህን ለባሮክ ነግሬው አላውቅም። ስለማይነገር ነው።

ሶሊያና ማለት እንግዲህ የዚህ ሰፈር ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። የስፖርት መምህርት ነበረች፤ ድምጿ ከሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲጣራ የኖረ ነው። ወገቧ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ሽበቷን አትቀባም፤ ያምርባታል። የመጨረሻውን ባልል ደስ ይለኝ ነበር። የዛሬ ልጆች ሶሊያና፣ ናሆም፣ እንደ እኔም ኤልሻዳይ የሚሉ ስሞች ሲሰሙ የአሮጊትና የሽማግሌ ስም እያሉ ይስቃሉ። እሷ ግን ስሟን ስትጠራ ትናንት የወጣላት ታስመስለዋለች።

ድልድዩ ላይ መቆም ልማዴ ሆነ። በድልድዩ በኩል ድምጿ ጥርት ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ "ጋሼ፣ ጥላው ወደዚህ ዞሯል፣ ይምጡ" ትለው ነበር። ከዚያ ጋሼው ቀረ፤ እርስዎው ተረፈ። አንድ ቀን ደግሞ "አንተ፣ ና እንጂ ወዲህ!" ስትል ሰማኋት። አንተ! ባሌን አንተ ለማለት እኔ ከሠርጋችን በኋላ ስንት ጊዜ ፈጅቶብኛል።

እቤት ሲመጣ ፊቱ ወዝ አለው። ከንፈሩ አይሰነጠቅም። የደስተኛ ሰው ከንፈር የሚያቃጥል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ውሃ ላምጣልህ?" አልኩት አንድ ቀን፣ ቆቡን ሳያወልቅ።

"አይ፣ አልጠማኝም።"

"እንዴት ይጠማሃል፤ ጠጥተህ ነዋ የመጣኸው።"

አየኝ። "ማን ነገረሽ?"

"አየር ነገረኝ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። "ሶልዬ ናት እኮ" አለ፤ "ካልጠጣህ ብላ ትጨቀጭቀኛለች።" ሶልዬ! ያንን ስም አፉ ላይ እንዳለ ትቼው ወደ ጓዳ ገባሁ። እኔም አምጥቼልህ ነበር፤ አልጨቀጨቅሁህም እንጂ አምጥቼልህ ነበር ልለው ፈልጌ ተመልሼ ወጣሁ። ባሮክ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሽንት ቤት። እዚህ፣ ዋንዛ ሰፈር፣ ሐውልቶቹ መካከል። ሰፊ በር ያለው፣ ለዊልቸር የሚመች። እሱ ካለ ባሮክ ድልድዩን የሚሻገርበት ምክንያት የለውም፤ አየሩን እዚህ ይወስዳል፤ ውሃውን ከእኔ እጅ ይጠጣል። ሴትዮዋም ፔርሙዟን ታቅፋ ትቅር። የጥያቄው ቀን ደርሶ ስለነበር አስቀድሜ ጋሽ ናሆም ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ናሆም ቁጭ ብሎ አትክልቱን ውሃ ያጠጣ ነበር። ከንፈሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ነው።

"ጋሽ ናሆም፣ ዘንድሮ ሽንት ቤት እንጠይቅ" አልኩት።

የያዘውን ጆግ አስቀመጠ። "ይሄ በአደባባይ የሚወራ ነገር ነው እንዴ ኤልሻዳይ?"

"ጎድሎናል እኮ።"

"ማን ላይ ጎደለ? እኔ ላይ አልጎደለም። ሰፈራችን በጨዋነቱ የታወቀ ነው። ሐውልቶቹን አላየሽም?"

"አይቻቸዋለሁ። ትናንት በአንዱ ጉልበቴን ተመትቻለሁ።"

"ለባሮክ ከሆነ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሱ እንደሆነ ግራር ሰፈር ተመችቶታል ይባላል።" ይባላል! እንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል ማለት ነው። ጋሽ ናሆም ሻይ ልጋብዝሽ አለኝ፤ ይቅርብኝ አልኩት። እሱ እንኳ በሞቴ አላለኝም። ሻይ ከምሳ በኋላ ማንም አይጠጣም፤ ግብዣውም ለወጉ ነው።

በጥያቄው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። የተጠራው ከምሳ በኋላ ስለነበር ሁሉም ሰው በር አካባቢ ነው የተቀመጠው። ቶሎ ለመውጣት ነው፤ ግን እንዲያ የሚል የለም፤ እዚህ አየር አለ ነው የሚባለው። ጎረቤት ሰፈር መጥቶ ማዳመጥ ስለሚችል ከኋላ የግራር ሰዎችም ነበሩ።

ባሮክ አርፍዶ ገባ። ዊልቸሩን የምትገፋው ሶሊያና ናት። የባሮክ ዊልቸር ራሱ የሚሄድ ነው፤ የሚገፋው አያስፈልገውም። ትገፋው ነበር። ከአጠገቤ አምጥታ አቆመችውና "እንደምን ዋሉ እትዬ ኤልሻዳይ" አለችኝ። እጆቿን መያዣው ላይ እንዳደረገች ከኋላው ቆመች።

"የዋንዛ ሰፈር ነዋሪዎች እንደምን ዋላችሁ" አለ ጠያቂው። "የዛሬው ጉዳይ የመዝናኛ ስፍራዎችና የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች እቅድ ነው። ምን ጎደለዎት?"

ጋሽ ናሆም ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። "እግዚአብሔር ይመ..."

"ጎድሏል" አልኩ እኔ።

ቆሜ ነበር። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። አዳራሹ ዞሮ አየኝ፤ ጋሽ ናሆም ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

"ሽንት ቤት ጎድሎናል" አልኩ። "ባለቤቴ በዊልቸር ነው የሚሄደው። በሩ ሰፊ የሆነ፣ መወጣጫው የማያስቸግር ሽንት ቤት ያስፈልገዋል። እዚህ፣ በገዛ ሰፈሩ።"

"ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ጉድለት አይያዝም" አለ ጠያቂው፣ ያው በጨዋ ድምፁ። "አቶ ባሮክ ጉድለት የለባቸውም። በግራር ሰፈር ረክተዋል።"

በግራር ሰፈር ረክተዋል። በሕዝብ ፊት፣ ግድግዳው በሙሉ እየሰማ። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ ሳል አስመስሎ ዋጠው። ባሮክ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። ሶሊያና እጇን ከመያዣው ላይ አላነሳችም።

"እርስዎስ ወይዘሮ ኤልሻዳይ፣ ምን ጎደለዎት?"

ምንም ልል ነበር። ምላሴ ቃሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ራሱ ነው የሚወጣው። "ም" እስከሚለው ድረስ ወጥቶም ነበር። ያንን እጅ ባላይ ኖሮ ይጨርሰው ነበር። ዊልቸሩ መያዣ ላይ ዘና ብሎ የተቀመጠ እጅ ነው። ጠይቆ ያገኘ ሰው እጅ ነው።

"ውሃ!" አልኩ። "ውሃ ነው የጎደለኝ። ከምሳ በኋላ ጠጥቼ አላውቅም። ሐኪሙ ኩላሊትሽ እየደረቀ ነው ካለኝ ቆየ፤ ለማንም አልነገርኩም። የአየር ሰዓቴን የምጨርሰው ጭኔን ገጥሜ ነው። አግዳሚው ተነሺ ብሎ ሲገፋኝ እንዳያመልጠኝ እጸልያለሁ። ሽንት ቤት እፈልጋለሁ። ለባሌ አይደለም። ለራሴ ነው!"

ባሮክ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኝ ጀመር፤ ከአሁን በፊት አይቶኝ የማያውቅ ይመስል ነበር።

"አንድ ጉድለት ተይዟል" አለ ጠያቂው። "ለአንድ ሰው አይሠራም። ሌላ የጎደለው አለ?"

ጋሽ ናሆም ጫማውን ያያል። አጠገቤ ያለችው ሴት እጄን ነካ አድርጋ ለቀቀችኝ፤ አፏ ግን አልተከፈተም። ሁሉም ሰው የሚጠብቀውን አውቃለሁ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ነው።

"ከሌለ እንለፍ" አለ ጠያቂው።

"ቆይ!" አለች ሶሊያና።

አዳራሹ ደነገጠ። የሜዳ ድምጿ ነበር።

"የግራር ሰፈር ነዋሪ በዚህ ስብሰባ መናገር..."

"አንተን አይደለም የማናግረው" አለችው ጣሪያውን እያየች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። "እናንተ ሰዎች፣ በየማለዳው የእግር ጉዞ ነው እያላችሁ፣ ነጠላችሁን ተከናንባችሁ ወደ እኛ ሽንት ቤት የምትመጡት ማንም የማያውቃችሁ መስሏችሁ ነው? በሩ ስም ይጠራል እኮ! ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ጋሽ ናሆም፣ ዛሬ ጠዋት እርስዎን እንኳን ደህና መጡ ሲልዎ እኔ ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር።"

የግራር ሰዎች ፈነዱ። ጋሽ ናሆም ፊቱ ጠቆረ። እኔ ደግሞ ዙሪያዬን አየሁ፤ ነጠላዋን ወደ አፏ የሳበችው ብዛቷ! ሁሉም ይሄድ ነበር። እያንዳንዱ ብቻውን የሚሄድ መስሎት ይሄድ ነበር። ጠያቂው ረክተዋል ያለው ለካ ይህንን ቆጥሮ ነው።

ሶሊያና ከዊልቸሩ ኋላ ወጥታ ወደ መሃል መጣች። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ማድረግ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

"በሞቴ" አለች። "በሞቴ ተናገሩ።"

በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው ዋንዛ ሰፈር አልተወለደም። ጋሽ ናሆም ቁልፉን ፈታ፤ መልሶ ቆለፈ። "እንግዲህ... በሞቴ ካልሽ" አለ። ቀስ ብሎ ወደ ጠያቂው ድምፅ ዞረ። "እኔም ጎድሎኛል። ብዙ ዓመት ሆነኝ።" ከዚያ አጠገቤ ያለችው ሴት ተነሳች፤ ቀጥሎ ከኋላዋ ያለችው፤ ቀጥሎ ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይናገራል። የግራር ሰዎች እንኳ እንዲህ አይጯጯሁም። ጠያቂው "ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል" እያለ ይከተላል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የጠየቅኩት ሆነ። ግን ሰዉ ሁሉ እሷን ነበር የሚያየው። መጀመሪያ የቆምኩት እኔ፣ ጭኔን ገጥሜ ብዬ በአደባባይ የተናገርኩት እኔ፤ በሞቴ ብላ የጨረሰችው እሷ። ይህንንም ወሰደችብኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽንት ቤታችን ተሠራ። ሐውልቶቹ ተነሱ፤ ድንጋዮቻቸው መወጣጫው ላይ ተነጠፉ። የረካ ሰፈር የሚለውን ጽሑፍ እየረገጥን እንገባለን። በሩ ይናገራል። መጀመሪያ የተጠራው ስም የእኔ ነው፤ "እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ኤልሻዳይ" ሲል መሬት ብትውጠኝ ብዬ ነበር፤ ስወጣ ግን ጋሽ ናሆም ከኋላዬ ተሰልፎ አገኘሁት፤ ሰላም ተባባልን፤ መሬት ማንንም አልዋጠችም።

በዚያው ቀን ምሳ በልተን እንደጨረስን ጠረጴዛው ላይ ውሃ ቀዳሁ፤ ለእሱም ለእኔም። ባሮክ ብርጭቆውን አየ፤ እኔን አየ፤ አነሳና ጠጣ። እኔም ጠጣሁ። ከምሳ በኋላ የሚጠጣ ውሃ እንዲህ እንደሚጣፍጥ የነገረኝ የለም። በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ፤ ባሌ ተመለሰ።

ባሮክ ቆቡን ደፋ።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ወደ ግራር።"

"ሽንት ቤቱ እኮ እዚህ ነው።"

"አውቃለሁ። ቆንጆ አድርገው ሠርተውታል።"

ወጣ። ዊልቸሩ ሐውልት የሌለበትን መናፈሻችንን አቋርጦ፣ ሽንት ቤቱን አልፎ፣ ወደ ድልድዩ ሲሄድ የቤታችን በር ላይ ቆሜ አየሁት። ለካ ነገሩ ሽንት ቤት አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉዴን ያወጣሁት ለከንቱ ነበር። ነጠላዬንም ሳልደርብ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

"ባሮክ!" አልኩ ድልድዩ ሥር ስደርስ። "እቀናለሁ።"

ዊልቸሩ ቆመ። ዞረ። "በምን?" አለኝ። በማን አላለም።

"በውሃው። አንተ እያለች በምትጠራህ። ራሱ የሚሄደውን ዊልቸር በምትገፋልህ። በሶልዬ።"

አየኝ። "ልውሰድሽ ብዬሽ ነበር እኮ" አለ በመጨረሻ። "ይቅርብኝ አልሽ። ብቻዬን መሄድ የወደድኩ ይመስልሻል?"

"አንዴ ነው የጠየቅከኝ!"

"አንዴ ነው የመለስሽልኝ።"

መኪናዎቹ ከአጠገባችን ያልፋሉ። ባሮክ ቆቡን አስተካከለ።

"ታዲያ አሁን ነይ" አለ።

"ኧረ ይቅርብኝ" አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፤ ራሱ ነው የወጣው። በአዳራሹ ሙሉ ሕዝብ ፊት የተናገረ አፍ ለባሉ ይቅርብኝ አለ። ባሮክ ራሱን ነቀነቀ፤ ዊልቸሩን አዞረ፤ ወደ ድልድዩ መውጣት ጀመረ። ጀርባውን አየሁ። ከሄደ ሄደ፤ ከእንግዲህ ሮጬ አልከተለውም፤ ጉልበቴም አልቋል፤ ውሃውም ወርዶ ወርዶ ይዞኛል። ድልድዩ መሃል፣ እኔ የምቆምበት ቦታ ሲደርስ ዊልቸሩ ቆመ። አልዞረም።

"በሞቴ" አለ።

ከጎኑ ሆኜ ተሻገርኩ። መያዣውን ይዤ ገፋሁት፤ ራሱ ቢሄድም ገፋሁት። ግራር ሰፈር ስንደርስ መጀመሪያ ወደ ነጩ ሽንት ቤት ነው የሄድኩት። በሩ ስሜን በሙሉ ድምፁ ጠራው፤ መናፈሻው ሰማ፤ እጄን አወዛወዝኩ። ስመለስ ባሮክ ከተለመደው ቦታው ነበር፤ ሶሊያና አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፔርሙዟን ትከፍታለች። በሁለቱ መካከል ገብቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ጠጋ አለችልኝ፤ እኔ ግን በደንብ ነው የተቀመጥኩት።

ለባሮክ ቀዳች። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ እኔ ሰጠሁት። አየችኝ። ከቦርሳዋ ሌላ ብርጭቆ አወጣች።

"እትዬ ኤልሻዳይ" አለችኝ፣ "ውሃ ልቅዳልዎ?"

አንዴ ነው የጠየቀችኝ።

"አዎ" አልኳት፤ "ሙሉ አድርጊው።"